የቦኖው ሶላር የታመመበት በጋ

በዚያ የስብሰባ ቀን ከቦኖው ዘንድ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፣ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከቧንቧዎቹ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ሰብሳቢ ከተቀመጠ ስብሰባው ይተኛል ብዬ ስለማምን በስብሰባ ላይ አልቀመጥም። መሪጌታ፣ የደብራችን የቅኔ መምህር፣ ከሮቶው ጥላ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጥላ ውስጥ ሆነው ጃንጥላ ለምን እንደዘረጉ የጠየቃቸው የለም። አቶ ይልቃል፣ የናፍጣ ፓምፕ ያለው ጎረቤታችን፣ ከባሕር ዛፉ ተደግፎ ቆሟል። የሶላሩ ጠባቂ አያ ጥጋቡ ወደ ሰሌዳዎቹ የሚያስገባውን የአጥር በር በጀርባው ከልሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ምራቴ የሺ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ከጀሪካኑ ሰልፍ ውስጥ ነበረች። ጠጋኙ ዘላለም ግን ከእኛ ጋር አልነበረም። እሱ ከጉብታው ማዶ ነበር፤ እዚያ መሆኑንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አቀማመጡን ላስረዳ፤ አለዚያ ነገሩ አይያዝም። ቀበሌያችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ታጥፎ የሚገባ፣ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። የሶላሩ ሰሌዳዎች ከጉብታው ላይ ታጥረው፣ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙረው፣ ጋደም ብለው ተተክለዋል። ቦኖው ከጉብታው በስተሰሜን ነው። ስለዚህ ውሃ ቀጂ ሁሉ የሚያየው የሰሌዳዎቹን ጀርባ ነው። ጀርባውን የሰጠ ትልቅ ሰው ይመስላሉ። እኛም እንደ ትልቅ ሰው አከበርናቸውና ዞረን ፊታቸውን አላየንም።

ሥራው ቀላል ነው። ፀሐይ ስትወጣ ፓምፑ ይነሳል፣ ውሃውን ከጉድጓዱ ስቦ ወደ ሮቶው ያወጣል፤ ፀሐይ ስትገባ እሱም ይተኛል። ባትሪ የለው፣ ናፍጣ አይጠጣ፣ አይጮህ። ይህ ቦኖ ሳይኖር ውሃ የምንቀዳው ከወንዙ ነበር፤ ወደ ወንዙ መውረዱ ይቀላል፣ ተሸክሞ መውጣቱን ወገብ ይናገር። ሶላሩን አንድ ድርጅት ተክሎልን ሲመረቅ ንግግር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ከፍኖተ ሰላም መሥሪያ ቤት በጡረታ የተመለሰች፣ የአጠቃቀም መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበበች ሴት ከእኔ ሌላ አልነበረችም። መመሪያው ስለ ጥገናና ስለ ጥበቃ ብዙ ይላል። እኔ ግን ንግግሬን አጭርና የሚያምር ላደርገው ፈለግሁ። «ፀሐይ ደሞዝ አትጠይቅም» አልሁ። ሰው አጨበጨበ።

ያ ጭብጨባ ብዙ አስከፍሎኛል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ለጥገና መዋጮ በጠየቀ ቁጥር እያንዳንዱ ሰው በፍጹም ትሕትና የራሴን ንግግር ይመልስልኛል። «እታለም፣ እርስዎ ራስዎ ደሞዝ አትጠይቅም ብለውን የለም እንዴ?» ይሉኛል። ለአያ ጥጋቡም ለጥበቃው በየመኸሩ ከየቤቱ በቆሎ ሊሰፈርለት ነበር ውላችን። የመጀመሪያው ዓመት ተሰፈረ። በሁለተኛው ዓመት «ፀሐይን ማን ሰርቆ ይሄዳል?» ማለት ተጀመረ። በሦስተኛውና በአራተኛው ማንም ምንም አላለም፣ ማንም ምንም አልሰፈረም። አያ ጥጋቡ ግን አንድ ቀን አጉረምርሞ አያውቅም። ትዕግሥቱን ከስብሰባ ላይ ሳይቀር አመሰግንለት ነበር። ደሞዝ የሌለው ሰው ዝም ሲል ምን እየበላ ነው ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ መመሪያው ውስጥ አልተጻፈም።

ሕመሙ የጀመረው በኅዳር ነው። አስገራሚው ነገር ይህ ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ ደመናው እንደ ክዳን ተደፍቶ፣ ፓምፑ አላሳፈረንም ነበር። ኅዳር ገባ፣ ሰማዩ ተወለወለ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውሃው ግን ቀጠነ። ጠዋት እንደ ክንድ የነበረው ረፋድ ላይ እንደ ጣት፣ ቀትር ላይ እንደ ክር ሆነ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ቁጭ ብለው ይውላሉ።

ሁሉም ሰው ሐኪም ሆነ። መሪጌታ «በደመና ለምዶ ነው» አሉ። «ወይፈንን ከጥላ አውጥተህ ድንገት ፀሐይ ላይ ብትጠምደው ይደክማል። ይህም እንደዚያው ነው።»

«የኔታ፣ ይህ እኮ ፀሐይ ነው የሚበላው» አልኋቸው።

«ማን ካደ? መብላትም ሲበዛ ያማል።»

አቶ ይልቃል ምክንያት አልፈለገም። «አርጅቷል» አለ። «ይሄ ነገር ለምርቃት ነው የሚሠራ። እኔ ናፍጣዬን አምጥቼ ልትከል። ሞተር ሲሠራ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ ሲቆም ታውቃላችሁ። ይሄ ሲሠራም ዝም፣ ሲሞትም ዝም።» ውሃው በጀሪካን ዋጋ ይወጣለታል ማለቱን አልደበቀም። ዋጋውን ያልቻለ ሰው ወደ ወንዙ ይመለሳል ማለቱንም አልደበቀም። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሐቀኝነቱ ነው የሚያስቸግረው።

አያ ጥጋቡን ስጠይቀው «እታለም፣ እኔ ምን አውቄ» አለኝ። «እኔ ሌባ ነው የምጠብቅ። ሌባ አልመጣም።»

ከቡሬ ዘላለምን አስጠራሁ። ዘላለም ፓምፕና ሶላር የሚጠግን፣ በሞተር ብስክሌት አገር የሚያዳርስ ወጣት ነው። ከቡሬ ድረስ የመጣ እንግዳ ምሳ ሳይበላ አይሸኝም፤ ዶሮ ታረደ። ምሳው እስኪደርስ አያ ጥጋቡ የአጥሩን ቁልፍ ፍለጋ ሄደ። ቁልፉ ከካፖርቱ ኪስ የለም። ከሚስቱ ዘንድ ነው ተባለ። ሚስቱ ከገበያ ናት ተባለ። በመጨረሻ ቁልፉ ሲገኝ፣ ዶሮውም ሲያልቅ፣ ወጥተን አየን። ሰሌዳዎቹ እንደ መስተዋት ያበራሉ። ፓምፑ ይስባል። ውሃው እንደ ክንድ ይወርዳል።

«እማማ፣ ይሄ ምንም አልሆነም። ኦኬ ነው» አለኝ ዘላለም። አንዲት ብሎን አጠበቀልኝና ሄደ። ያጠበቃትም ባዶ እጁን ላለመመለስ ይመስለኛል። በማግስቱ ቀትር ላይ ውሃው እንደ ክር ሆነ።

ሁለተኛ ሲመጣ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ዶሮዎቼ ተረፉ፤ ሽሮ በላ። ቁልፉ እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ተገኘ። ሰሌዳዎቹ እንደገና አበሩ። ዘላለም በዚህ ጊዜ ትንሽ ተቆጣ። «እማማ፣ እኔ ስመጣ የሚድን በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ኬብሉ ይሆናል፣ ልቀይረው» ብሎ ደህናውን ኬብል በደህና ኬብል ቀየረው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። የኮሚቴው ሣጥን በዚያ ኬብል ባዶ ሆነ። በማግስቱ ውሃው ቀጠነ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የሚያኮራኝ ነገር ነበረኝ፤ ካነሣሁት አይቀር ልናገረው። በርበሬዬ ነው። በእኛ አገር ሰው በርበሬውን ከማሳ አምጥቶ ከመሬት ላይ ይበትነዋል። ዶሮ ይረግጠዋል፣ አንዱ ይደርቃል፣ አንዱ ይሻግታል። እኔ አልበትንም፤ እደረድራለሁ። ዛላውን አንድ በአንድ፣ ጎን ለጎን፣ ጭራውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጌ፣ በመካከሉ ክፍተት ሳልተው። ሰዎች «እታለም በርበሬዋን ሰልፍ ታስወጣለች» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። የሺ ቤቴ በሙሽርነት ስትገባ መጀመሪያ ያስተማርኋት ይህን ነው፤ ዛሬ ከእኔ ታስንቃለች።

የዘንድሮው በርበሬ ደግሞ የተለየ ነበር። ቀለሙ ደም፣ ሲነኩት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ። የቡሬ ነጋዴዎች ከጆንያው አፍ ላይ እፍኝ አንሥተው «እማማ፣ ይህን ከየት አደረቃችሁት?» አሉኝ። ወደ የሺ ዞር አልሁ።

«ከአያ ጥጋቡ ዘንድ ነው፣ እማዬ» አለች። «አጥር አለው፣ ዶሮ አይገባ፣ ፍየል አይገባ። ከሥሩም ይሞቃል።»

ከግቢው መስሎኝ ደስ አለኝ። ከሥሩ የሚሞቅ ግቢ ምን ዓይነት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ነጋዴዎቹ ፊት ስለነበርን «ያስተማርኋት እኔ ነኝ» ማለቱ ቀደመብኝ።

ጥምቀት አለፈ። አቶ ይልቃል ሰው አሰባሰበ፤ ቦኖው ለናፍጣ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ፣ በቦኖው ዘንድ ተሰብስበን እንድንወስን ተቀጠረ። ሰው ሁሉ ውሃ ጥበቃ ቁጭ ብሎ መዋል ሰልችቶት ስለነበር፣ ሶላሩ በዚያ ቀን ካላስመሰከረ ነገሩ እንዳለቀ አወቅሁ።

ሌሊቱን አሰብሁ። ሐኪም ሲመጣ የሚድን፣ ሐኪም ሲሄድ የሚታመም በሽታ በሽታ አይደለም፤ ሰው ነው። አንድ ሰው ኬብል እየነቀለ ነው ማለት ነው። ማን? ናፍጣ ያለው ሰው። ይህን ሳገኝ በራሴ ብልሃት ኮራሁ፤ አልዋሽም። ለዘላለም ስልክ ደወልሁና «የስብሰባው ቀን ና፤ ለማንም አትናገር። በእኛ በኩል አትምጣ፤ በደቡብ ባለው የእግር መንገድ ጉብታውን ዞረህ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆነህ ሰሌዳዎቹን ፊት ለፊት እይልኝ» አልሁት።

«ምሳስ?» አለኝ።

«ምሳው አለ» አልሁት።

እንግዲህ ሁላችንም ቀድሜ በተናገርሁት ቦታ ሳለን አቶ ይልቃል ንግግሩን ጀመረ። ውሃው ከኋላዬ እንደ ክር ይወርዳል። ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ እኔ ከማደርገው ይረዝማል፣ ግን አያምርም። «እታለምን እናከብራለን» አለ። «ደክመዋል። ግን አክብሮት ጀሪካን አይሞላም።» ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው አመመኝ፤ ፊቴን ግን አላዞርሁም።

መሪጌታ ጃንጥላቸውን አዘነበሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «የደከመው ምን እንደሆነ ሳናውቅ ማሰናበት ደግ አይደለም።»

«የኔታ፣ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል እኮ» አለ ይልቃል። «ሦስተኛውን ተዝካሩን እናውጣ።»

ይህን ጊዜ ከጉብታው ማዶ የዘላለም ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ ሰሌዳው መቼ ተቀየረ?»

ሰው ሁሉ ወደ ላይ አየ። «አልተቀየረም» ብዬ መለስሁ። «ምን ሆነ?»

«እኔ የማውቀው ሰማያዊ ነበር። ይሄ ቀይ ነው።»

መሪጌታ አማተቡ። ከዚያ ዘላለም አነጠሰ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ፣ ከወዲያ ማዶ እስክንሰማው ድረስ። «እማማ፣ በርበሬ ነው» አለ። «ሰሌዳው ላይ በርበሬ ሊደርቅ ተሰጥቷል።»

መጀመሪያ ያየሁት ይልቃልን ነው። አፉን ከፍቶ ቆሟል። እንዲያ የሚደነቅ ሰው እጁ የለበትም፤ ይህ ቅር አሰኘኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ደክሜ ያጠመድሁት ወጥመድ ነበር። ቅሬታዬ ወደ ቁጣ ሄደ። ድምፄን ከፍ አላደርግም ብዬ የምመካ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ከፍ አደረግሁ።

«ስሙ» አልሁ። «የሰውን ሁሉ ውሃ ዘግቶ በርበሬውን ያሞቀ ሰው፣ የማንም ቤት ይሁን የማን፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ከዚህ ቦኖ አይቀዳም። ምክንያት አይሰማም፣ ሽማግሌ አይላክም። ይህ የሰብሳቢዋ ፍርድ ነው።»

«ይሁን» አለ ሰው ሁሉ። ከሴቶቹ ሰልፍ ግን «ይሁን» ያለ አልሰማሁም።

አያ ጥጋቡ ያን ዕለት ቁልፉን አልፈለገም። ከኪሱ አውጥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወደ ጎን ቆመ። ገባን።

ሥራው ያምር ነበር፤ መካድ አልችልም። እንዳይንሸራተት ከሰሌዳዎቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ የእንጨት ማገጃ ተደርጎለታል። ከዚያ በላይ በርበሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልቷል። አልተበተነም። ዛላው አንድ በአንድ፣ ጎን ለጎን፣ ጭራው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ተደርድሯል። በመካከሉ ክፍተት የለም።

ወደ የሺ ዞርሁ። የሺ እግሯን ታያለች።

ዘላለም አጥሩን ዘሎ ገብቶ፣ አፍንጫውን በክንዱ ይዞ፣ በአድናቆት ያያል። «የተበተነ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «በመሐል በመሐሉ ብርሃን ያልፍ ነበር፤ ውሃው ይህን ያህል አይቀጥንም። ይሄ ግን ክፍተት የሚባል የለውም። እማማ፣ ይህን የደረደረ ሰው እጁ የተባረከ ነው።»

እግዜር ይይልኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ደስ አለኝ።

«አያ ጥጋቡ» አልሁ፣ «ይህ ምንድነው?»

«በርበሬ ነው፣ እታለም።»

«መሆኑን አየሁ።»

«ማታ ማታ አነሣዋለሁ፤ ጤዛ እንዳያገኘው» አለ፣ ይህን የጠየቅሁት ይመስል። «ሴቶቹ በተራ ነው የሚያመጡ። ስጥ ሲያነሡ ለእኔ እፍኝ እፍኝ ይተዉልኛል። በቆሎዬን የሰፈረልኝ የለም። ፀሐይ ደሞዝ አትጠይቅም አሉ እርስዎ። እውነትዎን ነው፤ እሷ አልጠየቀችም። እኔ ግን የምትለብስ ሚስት፣ የሚበሉ ልጆች አሉኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ደጅ ይጠረጋል፤ ጠረግሁ።»

ቁልፉ የጠፋበትን ጊዜ ሁሉ አሰብሁ። እኔ ከቤት ዶሮ ስበላ ያ ምስኪን ከዚህ ጆንያ ይዞ ይሯሯጥ ነበር።

«እንግዲህ አንሡት» አልሁ።

ዘላለምና አያ ጥጋቡ ከአንዱ ጫፍ፣ ሴቶቹ ከሌላው ጫፍ በርበሬውን ወደ ጆንያ ሰበሰቡ። መሪጌታ በጃንጥላቸው እጀታ የወደቀ ዛላ ይጎትታሉ። ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ሰማያዊ ሆኑ። የመጨረሻው ሲጠረግ ከሥር ቧንቧው አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ከዚያ ውሃው አጓራ። ከታች ከቦኖው የቀረች አንዲት ሴት «መጣ፣ መጣ» ስትል ሰማን። ወርደን ስናይ ከቧንቧዎቹ ሁሉ የሚወርደው እንደ ክንድ ነው። ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይከብዳል።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ሰውን ሁሉ አየሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልታመመ ሶላር ነው። በደመና የሠራ፣ በርበሬ ተጭኖት እንኳ ክር ታህል ውሃ ሳያቋርጥ ያወረደ ሶላር ነው። «አቶ ይልቃል» አልሁት፣ «ናፍጣህ ይህን ያህል በርበሬ ተጭኖበት ይነሣል?»

ይልቃል ሳቀ። ሐቀኛ ሰው ነው ብያለሁ። «አይነሣም፣ እታለም» አለ። «ተረታሁ። ሶላሩ ንጹሕ ነው፤ የእኔን ፓምፕ ተዉት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የተፈረደበት ማን ነው?»

ከሴቶቹ አንዷ «በተራ ነው፣ ሁላችንም አድርገናል» አለች። ሌላዋ «የዛሬዋ ተራ...» ብላ ጀምራ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። የሁሉም ዓይን ከእኔ በቀር ወደ ሁሉም ቦታ ሄደ። በዚህ ቀበሌ በርበሬ በሰልፍ የሚደረድር ቤት ስንት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

«የእኔ ነው» አልሁ።

የሺ «እማዬ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች።

«ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ በርበሬው የእኔ ነው። አደራደሩም የእኔ ነው።»

መሪጌታ ተመልሰው ከተቀመጡባት ድንጋይ ተነሡ። «እኅቴ፣ ባለማወቅ የሆነ ነው። የዛሬውን ይቅር እንበልና...»

«የኔታ፣ ስፈርድ ‹ባለማወቅ ካልሆነ› አላልሁም።»

«እኛ እንለው ነበር እኮ፣ ቢጠይቁን» አለ ይልቃል። አሁን እሱም አዝኖልኛል። ከናፍጣው ይልቅ ይህ ከበደኝ።

«ፍርዱ እንዳለ ነው» አልሁ። «አያ ጥጋቡም በጥበቃው እንዳለ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቆሎውን ያልሰፈረ ቤት ጀሪካኑን አያሰልፍ። መጀመሪያ የሚሰፍረው የእኔ ቤት ነው፤ ያልተሰፈረውን የሦስቱንም ዓመት። ፀሐይ ደሞዝ አትጠይቅም ብዬ ነበር። ጠባቂዋ ይጠይቃል፣ ጠጋኟም ይጠይቃል። ያኔ ያላልሁት ይህን ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። ጥሩ ነው።

ዘላለም ጆንያውን ከአያ ጥጋቡ ጋር ይዞ ወረደ። «እማማ፣ ምሳው?» አለ ቀስ ብሎ።

«የሺ ትሠራልሃለች» አልሁት።

የሺ ተራዋ ደርሶ ነበር። ጀሪካናችን ከቧንቧው ሥር፣ አፉ ተከፍቶ፣ ውሃው ሊገባበት ስንዝር ቀርቶት ቆሟል። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት፤ ክዳኑን ገጠምሁለት፤ ለቀጣይዋ ሴት ቦታውን ለቀቅሁና በወንዙ መንገድ ወረድሁ።